ከስድስት ጠርሙስ እስከ ሦስት ማንኪያ

ደባርቅ፣ ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

«ሻምፓኝ ያልተከፈተበት ሠርግ፣ ሠርግ ተብሎ አይቆጠርም።»

ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ልጄ መስከረም። ባለፈው ቅዳሜ ከዳባት ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ወጣቶች ተቀምጠው ነበር። አንዱ፣ የካሜራ ቦርሳ ያቀፈው፣ ለጓደኛው ሲነግረው ሰማሁ። ጓደኛውም «አዎ፣ አይቆጠርም» አለው። እንግዲህ ሁለት ሰው የመሰከረበት ነገር ነው። ሰላምታዬን አዘግይቼ በዚህ የጀመርኩት ጉዳዩ ቤቴን ስለሚነካ ነው። አሁን ሰላምታውን ተቀበይ፦ አጎትሽ ቴዎፍሎስ ከባለቤቴ ከየትናየት ጋር ሆኜ፣ ከሰሜን ተራራ ሥር፣ ጤናሽ እንዲበረታ፣ ሥራሽ እንዲቃና እየለመንን እጅ እንነሳለን።

እኔና የትናየት የተጋባነው ጥር 13 ቀን 1976 ዓ.ም. ነው። ጠላ ነበረ፣ ጠጅ ነበረ፣ አንድ ሰንጋ ወድቋል። ሻምፓኝ አልነበረም። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ሻምፓኝ የፈረንሳይ አውራጃ መሆኑን አውቃለሁ። ይከፈታል ብሎ የነገረኝ ግን የለም። ወጣቶቹ እንዳሉት ከሆነ እኔና እሷ አርባ ዓመት ሳንቆጠር ኖረናል።

ለየትናየት ስነግራት ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። «እሰይ!» አለች። «ታዲያ ነገ ልብሴን ይዤ አባቴ ቤት ልግባ። ዳባት እንደሆነ ሩቅ አይደለም፤ አንተም ዛሬውኑ ደርሰህ መጣህ።»

የንስሐ አባታችንን ቄስ ሰይፈ ሥላሴንም ጠየቅኳቸው። «የሚቆጠረው ስትቆርቡ ነው» አሉ። «እናንተ በሰማንያ ተጋብታችሁ፣ ቁረቡ ባልኳችሁ ቁጥር ከርሞ፣ ከርሞ ስትሉኝ ይኸው እኔም አረጀሁ።» ወጣቱም ካህኑም እንዳይቀየሙ ሁለቱንም ልናደርግ ወስነናል። በመጪው ጥር አርባ አንድ ዓመት ሲሞላን እንቆርባለን፤ ከዚያ ወዳጆቻችንን ጠርተን ሻምፓኝ እንከፍታለን። የሚጠሩት ሁለቱ ሚዜዎቼ ናቸው፤ አንደኛው ሚዜ ልብስ ሰፊው ታደለ ከዳባት፣ ሁለተኛው ዋሴ፣ ሳንቃ በር ላይ የፓርክ ጠባቂ ሆኖ ጡረታ የወጣው። ከነቤተሰባቸው አሥራ ሁለት እንሆናለን። አንቺ ጣሊያን አገር፣ ቶሪኖ ውስጥ መጠጥ ሱቅ እየሠራሽ እኔ ሌላ ሰው ብጠይቅ ነውር ነው። የሚበጀንን ምረጪልን። ስድስት ጠርሙስ ገምቻለሁ።

ኢንተርኔቱ እንደተቋረጠ ነው። ስልኩ ሲሠራም «ሃሎ» እና «ደህና ነን» ተባብሎ ለመለያየት ነው የሚበቃው፤ በዚያ ላይ የትናየት አጠገቤ ቆማ ታዳምጣለች። ስለዚህ ደብዳቤውን ሾፌሩ ጥበብ ጎንደር ያደርስልኛል፤ ከዚያ ወዲያ በአውሮፕላን ተሳፋሪ እጅ ነው።

የትናየት ደህና ናት። እህል አልዋጥ ብሏታል፤ የሁዳዴ ድካም ነው ብለናል።

አጎትሽ ቴዎፍሎስ

ቶሪኖ፣ ሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ቴዎፍሎስ፤

ለእርስዎና ለእቴቴ እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ከሙሉ ጤና ጋር ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ሠላሳ ስምንት ቀን ተጉዞ ደረሰኝ። የእቴቴን «አባቴ ቤት ልግባ» ሳነብ አውቶቡስ ላይ ብቻዬን ስስቅ ሰው ዞሮ አየኝ።

የጠየቁኝን ሲኞራ ክላራን፣ የሱቁን ባለቤት፣ አማክሬያቸዋለሁ። ሻምፓኝ የሚባለው ከዚያው እርስዎ ከሚያውቁት አውራጃ የመጣ እንደሆነ ብቻ ነው። ሌላው አረፋ ቢኖረውም ሌላ ስም አለው። እዚህ የሚበዛው ፕሮሴኮ ነው። እሱ በትልቅ ጋን ይፈላና ወደ ጠርሙስ ይገለበጣል። ሻምፓኝ ግን ሁለተኛውን መፍላት የሚፈላው እያንዳንዱ በገዛ ጠርሙሱ ውስጥ ነው፤ ከዚያም ጨለማ ምድር ቤት ውስጥ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይተኛል። «ብሩት» ከተባለ ስኳሩ ኢምንት ነው። «ኤክስትራ ድራይ» ከተባለ ደግሞ፣ ትርጉሙ «እጅግ ደረቅ» ሆኖ ሳለ፣ ከብሩት ይልቅ ይጣፍጣል። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው ሲኞራ ክላራ «የእንግሊዞች ጥፋት ነው» ብለው ዘጉት።

አንድ ጠርሙስ ስድስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ለአሥራ ሁለት ሰው ሁለቱ ለመክፈቻ፣ ሁለቱ ከምግብ ጋር፣ ሁለቱ ለመጠባበቂያ። የበግ ጥብስ ካለ ብሩቱ ይስማማል፤ ቅባቱን ያጥባል። የመኖሪያ ወረቀቴ ካለቀልኝ ጥር ላይ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ጎንደር ድረስ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የማመጣው።

ጋሼ፣ እቴቴን አልዋጥ ያላቸው እህሉ ብቻ ነው ወይስ ውሃውም?

ልጅዎ መስከረም

ደባርቅ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ መስከረም፤

የፍልሰታን ጾም ለመፈጸም አራት ቀን ቀርቶናል፤ በረከቱ አንቺም ዘንድ ይድረስ። እዚህ ዝናቡ ቤት ለመግባት በር የሚያንኳኳ አይመስልም፣ በጣራው ነው የሚገባው።

«እጅግ ደረቅ» ማለት ጣፋጭ ነው ያልሽውን ለዋሴ አነበብኩለት። «ይኸ እንኳ ቢሮ ውስጥ የተጻፈ ነው» አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሪፖርት ሲልክ የኖረ ሰው ስለሆነ አምኜዋለሁ።

በአሳባችን ላይ ጥቂት ለውጥ አድርገናል። ጥር ብርድ ነውና በዓሉን ወደ ኅዳር አምጥተነዋል። ደባርቅ ብርድ ያልሆነው መቼ ነው እንዳትዪኝ። ስድስት ጠርሙስም ለሽማግሌ ይበዛል፣ ሦስት ይበቃል። ደግሞ ብሩቱ ይቅርና ጣፋጩ ይሁን። የትናየት ሰሞኑን ጣፋጭ ካልሆነ አይወርድላትም።

ስለ ጠየቅሽኝ ነገር፦ ጎንደር ሐኪም ዘንድ ወስጃት ነበር። ሐኪሙ ትሑት ሰው ነው፤ ብዙ አልተናገረም። ስንመለስ ኮሶዬ ላይ ሾፌሩ መኪናውን ውሃ ሊያጠጣ ቆመ። የትናየት ወርዳ ወደ ገደሉ ተጠጋችና «ይህን ሁሉ ዘመን ስታስተምር ይኸ ገደል ስንት ሜትር ነው ብዬ ጠይቄህ አላውቅም» አለችኝ። ነገርኳት። «ብዙ ነው» አለች። ቀጥላም «ከዚህ ወዲያ ጎንደር አታመላልሰኝ» አለችና ገብታ ተቀመጠች።

አጎትሽ ቴዎፍሎስ

ቶሪኖ፣ መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ቴዎፍሎስ፤

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገራችሁ። አዲሱ ዓመት ለቤታችሁ የሳቅ ይሁን።

ጣፋጩን አግኝቼዋለሁ። ከቶሪኖ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ አስቲ የምትባል ከተማ አለች፤ መጠጡም በስሟ ይጠራል። አበባ አበባ፣ ኮክ ኮክ ይሸታል። አልኮሉ ቀላል ነው፤ ከእቴቴ ጠላ አይበረታም። የፈረንሳይ ሻምፓኝ አይደለምና ይቆጠር እንደሆነ ያንን ልጅ ይጠይቁልኝ።

ሁለት ነገር አደራ። እስኪከፈት ድረስ ብርድ ያለበት ቦታ ይቀመጥ። ደግሞ እንዳይናጥ። ከተናጠ ቡሹ ይስፈነጠራል፣ መጠጡም ተከትሎት ይወጣል።

ወረቀቴ አልደረሰልኝም። ኅዳር ላይ መምጣቴን እንጃ።

ሐኪሙ ብዙ አልተናገረም ብለው ጻፉልኝ። ጥቂቱን ምን ብሎ ተናገረ?

ልጅዎ መስከረም

ደባርቅ፣ መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ መስከረም፤

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ብዙ ነው፤ ወረቀቱ አጭር ስለሆነ ነው ያሳጠርኩት።

አንድ ጠርሙስ ይበቃናል። ሦስት ያልኩት የማንን ሆድ አስቤ እንደሆነ አላውቅም። ቀኑን ኅዳር 12 አድርገነዋል፤ ሚካኤል ነው። ቄስ ሰይፈ ሥላሴም «ከዚያ ባታሳልፉት» ብለዋል። ከቻልሽ ጠርሙሱን አሁኑኑ በሰው ላኪው።

ሁለት ጥያቄ አለኝ፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል። አረፋው ጉሮሮ ይቧጥጣል? በብርጭቆ ሳይሆን በማንኪያ ቢቀመስስ ጣዕሙ ይለወጣል?

የትናየት «እኔም የምጠይቃት አለኝ» ብላለች። ቀለሙ ምን ዓይነት ነው? ቀሚሷን ልታስማማ ነው። «ነይ አትበላት» ስትልም ሰምቻታለሁ፣ ለእኔ ነው የተናገረችው፣ ግን ላንቺም ይመስለኛል።

አጎትሽ ቴዎፍሎስ

ቶሪኖ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፤

ስድስት፣ ሦስት፣ አንድ፣ ከዚያ ማንኪያ። ይህን አወራረድ አውቀዋለሁ። እንዴት እንደማውቀው ልንገርዎና ከዚያ ይቆጡኝ።

እኔ መጠጥ ሱቅ ሠርቼ አላውቅም። ሲኞራ ክላራ የሱቅ ባለቤት አይደሉም። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፣ ከአልጋ አይወርዱም፣ የማጥባቸው፣ የማገላብጣቸው፣ የማጎርሳቸው እኔ ነኝ። ስለ ሻምፓኝ የጻፍኩልዎ ሁሉ ከእሳቸው አፍ የወጣ ነው፤ ሟቹ ባላቸው የወይን ነጋዴ ነበሩ። እኔ ደብዳቤዎን እየተረጎምኩ አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይመርጣሉ። ሱቅ ነው ያልኩት አባቴ ለሰው ሲናገር እንዳያፍር ብዬ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላም ማስተካከያ ጊዜ አጣሁለት።

ከሲኞራ ክላራ በፊት ሁለት አሮጊቶች እጄ ላይ አርፈዋል። ሁለቱም መጀመሪያ ጣፋጭ ብቻ አሉ። ቀጥሎ ብርጭቆ ከበዳቸው። ቀጥሎ ማንኪያ። ከማንኪያ ቀጥሎ ጥጥ ነው ጋሼ፤ በውሃ ነክሮ ከንፈር ማራስ። ሲደርስ ማንም አይነግርዎትምና እኔ ልንገርዎ ብዬ ነው።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ አረፋው ጉሮሮ ይቧጥጣል። ስኒ ውስጥ ይቅዱትና ጥቂት ይቆይ። አረፋው ይሞታል፣ ጣዕሙ ይቀራል። ራሳቸውን ቀና አድርገው፣ በማንኪያ ጫፍ፣ ሲውጡ እያዩ። አይቸኩሉ። ቀለሙ የጤፍ ገለባ ነው፤ ነጩ ቀሚስ ይስማማዋል በሏቸው።

ወረቀቴ ተከልክሏል። ከወጣሁ መመለስ የለም። ሲኞራ ክላራን ጥዬ ልምጣ ብዬ ሁለት ቀን ሻንጣ ሳወጣና ሳስገባ ሰነበትኩ፤ እሳቸውም ከአልጋቸው ሆነው ያዩኛል። በሦስተኛው ቀን ቁምሳጥናቸውን አስከፈቱኝና ይህን ጠርሙስ መረጡ። «ይኸኛው ለእሷ» አሉ።

እባክዎ እቴቴን ስለ ሱቁ ይቅርታ ይጠይቁልኝ።

መስከረም

ደባርቅ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ መስከረም፤

ለዚህ ደብዳቤ መግቢያ የሚሆን ሰላምታ ፈልጌ አጣሁ። ደህና ሁኚ ብዬ ልጀምር።

ጠርሙሱ ጥቅምት 28 ቀን ዳባት ገባ። መንገዱ ስለተዘጋ ታደለ ቤት ዘጠኝ ቀን ተቀመጠ። ታደለ ብርድ ይመታዋል ብሎ የሱፍ ካፖርት ሰፋለት፣ ከነአንገትጌው። እንዳይበርደው ሳይሆን እንዲበርደው ነው የሚፈለገው ብዬ ሳስረዳው «እኔ ራቁቱን ሰው ቤት አልልክም» አለኝ።

ደባርቅ ሲደርስ መብራት ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። ብርድ ያለበት ቦታ ያልሽውን ዋሴ በቃሉ ይዞታል። «ብርድማ እኔ ነኝ የማውቀው» ብሎ ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ፣ ጠርሙሱን ታቅፎ ሳንቃ በር ወጣ፤ የቀድሞ ባልደረቦቹ ዘንድ አስቀመጠው።

ኅዳር 12 ቀን ቆረብን። የትናየትን በቃሬዛ ነው የወሰድናት። ከፊት ታደለ፣ ለዚሁ ብሎ ከሳንቃ በር የወረደው ዋሴ ከጎኑ፣ ከኋላ የጎረቤት ልጆች። የዛሬ አርባ ዓመት ሙሽራ ሆና ከዳባት ያመጣቻት የዋሴ በቅሎ ነበረች። ዋሴን ቀና ብላ አየችውና «ያቺ በቅሎህ ከዚህ ትሻል ነበር፤ ቢያንስ አታለከልክም» አለችው። ዋሴ ሳቀ፣ ወዲያው ፊቱን አዞረ። ነጩን ቀሚስ ለብሳለች። ካህኑ ከሁለታችን ፊት ሲቆሙ እጇን ያዝኩ፣ ቀዝቃዛ ነበር። መቆጠር ከሆነ ያን ቀን ተቆጥረናል።

ሻምፓኙን ለቅዳሜ አቆየነው፤ ኅዳር 14፣ ለነቢያት ጾም ቅበላ። ዋሴ በነጋታው ተመልሶ ጠርሙሱን ሊያወርድ ወጣ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትነው። እንዳይናጥ ብለሽ አደራ ብለሻል። ዋሴ መንገዱን ያውቃል፤ መኪና በዚያ ኮረኮንች ላይ እንዴት እንደሚያንገጫግጭ ያውቃል። ስለዚህ በበቅሎ ይሻላል አለ። የዛሬዋ በቅሎ የያችኛዋ ልጅ ናት እንዳልል በቅሎ ናት። ኮርቻው ላይ በጋቢ ጠቅልሎ አሰረውና እሱ በእግሩ እየመራ፣ እያባበላት፣ ቀኑን ሙሉ ወረደ። ለሙሽራዋ እንኳ እንዲህ አልተጠነቀቀም። በቅሎ ግን ቁልቁለት ላይ የምትሄደው በራሷ ዜማ ነው።

አንደኛ ሚዜ ነውና የመክፈቱ ክብር ለታደለ ተሰጠ። ካፖርቱን ቁልፍ በቁልፍ ፈታለት። የትናየትን ትራስ ደግፈን ቀና አድርገናታል። ሽቦውን ሲያላላው ጠርሙሱ አልጠበቀውም። ቡሹ ኮርኒሱን ብስቶ ገባ፣ መጠጡም እንዳልሽው ተከተለው። ታደለ ጠርሙሱን እንደሚያለቅስ ሕፃን በሁለት እጁ አቅፎ ቆሞ ቀረ። ዋሴ «ወይኔ፣ ጨረስኳት!» አለ። በቅሎዋን ይሁን፣ ጠርሙሱን፣ ማንን እንደሆነ አልጠየቅነውም። ሠላሳ አራት ዓመት ከፍታና የአየር ግፊት ያስተማርኩት እኔ እንኳ ከግድግዳው ሥር ነበር የቆምኩት።

ከጠርሙሱ ሥር የቀረው ስኒ አልሞላም። እንዳልሽኝ አስቀመጥኩት፣ አረፋው እስኪሞት ጠበቅኩ። ራሷን በክንዴ ደገፍኩና በማንኪያ ጫፍ ሰጠኋት። ዋጠች። ሁላችንም አፏን እናያለን።

«ለዚህ ነው ያ ሁሉ ደብዳቤ?» አለች።

ከንፈሯን ላሰችና «ድገመኝ» አለች። ደገምኳት። እንደገና «ድገመኝ» አለች፣ ሠለስኩላት፤ ስኒው አለቀ። አራተኛውን ስትጠይቀኝ ሁላችንም ቀና ብለን ኮርኒሱን አየን። እሷም አየችና «በሉ ተዉት፣ እሱም ይቅመስ» አለች።

ስለ ሱቁ ነግሬያታለሁ። «እሰይ» አለች፤ «ሱቅማ ማንም ይሠራል። ያቺን አሮጊት እንዳትተዋት በላት።» ከዚያ ወዲህ ብዙ አልተናገረችም።

ከማንኪያ ቀጥሎ ብለሽ የጻፍሽልኝ ጊዜ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ደረሰ። ጥጡን አዘጋጅቼ ስለነበር አልደነገጥኩም፤ ደብዳቤሽን ሐኪሙ ሊነግረኝ ያልደፈረውን ሁሉ እንደያዘ መጽሐፍ ትራሴ ሥር አድርጌው ነበር። ኅዳር 22 ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ቅዳሴ ሲወጣ አረፈች። አርባዋን ጥር 2 ቀን አወጣን። ትናንት በስቲያ ጥር 13 ነበር፤ ታደለና ዋሴ ሳልጠራቸው መጥተው ተቀመጡ፣ ውለው ሄዱ። ካፖርቱን ታደለ አልወሰደውም። ጠርሙሱ እንደለበሰ መደርደሪያው ላይ ነው። ኮርኒሱ ላይ የቀረውን ነጠብጣብ ቀለም እናልብሰው ሲሉኝ ከልክያለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽና ላብቃ። ለአርባው ፎቶዋን ለማስተለቅ ከተማ ውስጥ ካለው ፎቶ ቤት ሄጄ ነበር። ምስሉን የሚሠራው ወጣት ሲናገር ድምፁን አወቅኩት፤ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ የነበረው ነው። ከጀርባው አንገቱ ወርቃማ ወረቀት የለበሰ ጠርሙስ ቆሟል። ሙሽሮች የሚከፍቱት ሻምፓኝ ይህ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«አዎ ፋዘር» አለኝ፣ ከሥራው ቀና ሳይል። «ለፎቶ እኮ ነው። ለሁሉም ሙሽራ ያው እሱ አንዱ ጠርሙስ ነው፤ ሦስት ዓመት ሆነው። ውስጡ አምቦ ውሃ ነው፣ ሻይ ጠብ እናደርግበታለን።»